ብየዳ ቤቴን ትቼ የቴክኒክና ሙያ አሰልጣኝ ልሁን? የገባችሁበት ምከሩኝ

የኮምቦልቻው በያጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ አንባቢ ነኝ፤ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

31 ዓመቴ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ ብየዳ ቤት አለችኝ። በር፣ መስኮት፣ አጥር፣ ሲገኝ ደግሞ የጣሪያ ብረት እሠራለሁ። በብረታ ብረት ሥራ ደረጃ 4 ጨርሼ ሲኦሲ የሚሉትን የሙያ ብቃት ምዘና አልፌያለሁ። በሥራው ላይ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።

ባለፈው ወር አንድ ሰውዬ የላሜራ በር አሠራኝ። ኮሌጅ ውስጥ ነው የሚሠራው። አብረውኝ የሚሠሩ ሁለት ልጆች አሉ። አንደኛውን "ክርንህን ጎንህ ላይ አስደግፍ፣ ትንፋሽህን አትያዝ" ስለው ሰውዬው ቆሞ ይሰማኝ ነበር። በሩን ሊወስድ ሲመጣ "እኛ ጋ የአሰልጣኝ ቅጥር ሊወጣ ነው፣ ለምን አትወዳደርም?" አለኝ። ከዛ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

የሥራዬ ገቢ ወጣ ገባ ነው። መብራት ከጠፋ ቀኑ ጠፋ ማለት ነው። ዛሬ በተዋዋልንበት ዋጋ ነገ ቱቦላሬ አይገኝም። ባለቤቴ "የወር ደሞዝ ይሻላል፣ ቢያንስ የሚገባውን እናውቀዋለን" ትላለች። እናቴ "አስተማሪ" የሚለውን ቃል ብቻ ሰምታ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች። ወንድሜ ደግሞ "የራስህ አለቃ ሆነህ ስታበቃ ፊርማ ልትፈርም ነው?" ይለኛል።

እውነቱን ልናገር፣ እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ሰው ፊት ቆሜ ማውራት አልችልም። ሠርግ ላይ "አንድ ነገር በል" ሲሉኝ ጓሮ የምገባ ሰው ነኝ። 25 ልጅ ፊት ቆሜ ምን ልል ነው?

ቀኑ እንዴት ነው የሚያልፈው? ምኑ ያደክማል? ምኑ ደስ ይላል? አትደብቁኝ።

ሞርሳ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። እኔም እንዳንተው የብረት ሰው ነኝ። ስምንት ዓመት ብየዳ ቤት፣ ከዛ 12 ዓመት አሰልጣኝ።

መጀመሪያ ስሙን ልመደው። መምህር አይደለህም፣ አሰልጣኝ ነህ። ተማሪም የለህም፣ ሰልጣኝ ነው። ታክሲ ውስጥ ሥራህን ሲጠይቁህ "አሰልጣኝ ነኝ" ስትል "የየትኛው ክለብ?" ይሉሃል። ልጆቹ ግን ወረቀቱ ምንም ቢል "ቲቸር" ነው የሚሉህ። እና እናትህ አልተሳሳቱም።

የመጀመሪያ ቀኔን ልንገርህ። ሰልጣኞቹን ዙሪያዬን አቁሜ ሁለት ቁራጭ ላሜራ ገጥሜ በየድኩላቸው። ከላይ ያለውን ቅርፊት በመዶሻ ሳነሳው ብየዳው እንደ ሹሩባ ተሰልፎ ወጣ። በልቤ ኮራሁ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ መሃል ላይ ሲደርሱ ኤሌክትሮዱን ይበልጥ ያዘነበሉት ለምንድን ነው?" አለችኝ።

አዘንብዬዋለሁ እንዴ? ስምንት ዓመት ሙሉ ሳዘነብለው ኖሬ እንደማዘነብለው አላውቅም ነበር። "በልምድ ነው" አልኳት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። "በልምድ ነው።" ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ማታ ቤት ገብቼ እርሳስ ይዤ ጠረጴዛ ላይ "ስበይድ" አመሸሁ። ባለቤቴ ዝም ብላ ታየኛለች። ቀስ እያልኩ ሳደርገው ነው የገባኝ። ብረቱ እየጋለ ሲመጣ የቀለጠው ቅርፊት ይሮጥና እሳቱን ይቀድመዋል። ከቀደመ ደግሞ ብየዳው ሥር ተቀብሮ ይቀራል። ስለዚህ እጄ ኤሌክትሮዱን ወደምሄድበት ዘንበል ያደርገዋል፤ የእሳቱ ግፊት ቅርፊቱን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። እጄ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። አፌ ግን አያውቅም። በነጋታው ሄጄ ነገርኳቸው። ልጅቷ ደብተሯን ገልጣ "በልምድ ነው" የሚለውን ሰረዘችው።

እና አንተ የፈራኸው ሰው ፊት መቆምን ነው። እሱን ተወው፣ ወርክሾፕ መድረክ አይደለም። የምታወራው አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ልጅ ጆሮ ነው፣ ያውም በግራይንደር ጩኸት መሃል። የሚያደክመው እጅህ የሚያውቀውን አንድ በአንድ ፈትተህ አፍህን ማስተማሩ ነው። እኔን ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። አንተ "ክርንህን ጎንህ ላይ አስደግፍ" ማለት ከቻልክ ጀምረሃል።

ሌላው አስቸጋሪ ነገር ብክነቱን መቻል ነው። በራስህ ቤት ሠራተኛህ ኤሌክትሮድ ሲያጣብቅ ገንዘብህ ነው፣ ትቆጣለህ። እዚህ ማጣበቅ ትምህርቱ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሃያ ምናምን ልጅ እኩል ያጣብቃል። "እንደ ክብሪት ጫር አድርጉት" እላለሁ፣ አንዱ ይጭራል፣ ሌላው ይወጋዋል። ኤሌክትሮዱ ግን በቁጥር ነው የሚሰጠው። ስቶር ሄደህ ሞዴል 22 የሚባለው የዕቃ ማውጫ ቅጽ ላይ ፈርመህ ነው የምታወጣው። መስከረም የጠየቅከው ዕቃ ግንቦት ይመጣል። አንድ ዓመት ባለ 2.5 ሚሊ ጠይቄ ባለ 4 ሚሊ ኤሌክትሮድ ገዝተው ከመሩት። ዋጋው ጥሩ ስለነበር ነው አሉ። በ1.5 ሚሊ ላሜራ ላይ ባለ 4 ማለት ቀዳዳ መሥራት ነው። ያን ዓመት ሰልጣኞቼ ቀዳዳ መድፈን ጥሩ አድርገው ተምረዋል፣ እሱን አልክድም።

ቁርጥራጭ ብረት አንተ አሁን ትሸጠዋለህ አይደል? አሰልጣኝ ስትሆን ከየብየዳ ቤቱ ለምነህ ትሰበስበዋለህ። እኔ የምታወቅባቸው አራት ቤቶች አሉ። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ "ቆሻሻ ሰብሳቢው መጣ" ይላሉ።

ወረቀቱን በአጭሩ ልለፈው፣ ሳስበው ራሴን ያመኛል። የየክፍለ ጊዜው ዕቅድ፣ ቲቲኤልኤም የሚሉት የማሰልጠኛ ሰነድ፣ የካይዘን (የጃፓኖቹ የሥራ ማሻሻያ ዘዴ) ሰሌዳ፣ "ከሌላ አይተህ የቀዳኸው ቴክኖሎጂ የታለ?" የሚል ጥያቄ። በዛ ላይ የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አለ፤ ጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት ጋ ሄደህ በሙያም በካይዘንም ትደግፋለህ። ይሄ የመጨረሻው አንተን አያስቸግርህም፣ እንደውም ትወደዋለህ።

የትብብር ስልጠና የሚባለውም እንደዛው ነው። ደንቡ 70 ከመቶ ተግባር፣ 30 ከመቶ ንድፈ ሐሳብ ይላል። ተግባሩ ደግሞ በአብዛኛው ድርጅት ውስጥ መሆን አለበት። ልጆቹን በየብየዳ ቤቱ ትበትናለህ፣ ከዛ እየዞርክ ታያለህ። አንዴ ሄጄ ሰልጣኜን የባለቤቱን መኪና ሲያጥብ አገኘሁት። ባለቤቱ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ለማያውቀው ልጅ የደንበኛ በር መስጠት ፈርቶ ነው። አንተ ከዛ ወንበር ስለመጣህ ይገባሃል። "ደንበኛ የማያየውን ጀርባውን ስጠው" ብለህ ትደራደራለህ። ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የመጡት ባልደረቦቼ ይሄን ንግግር አይችሉበትም።

ልጆቹስ? ብዙዎቹ ወደው አይመጡም። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳለህ። ከዛ በኋላ ክፍሌ ሐኪም እሆናለሁ ብለው ባደጉ ልጆች ተሞላ። አንዱ ነጭ ስኒከር አድርጎ መጥቶ ሦስት ሳምንት ማስክ አልነካም። ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ቡና ጋበዝኩት። በመጨረሻ ወደ አካውንቲንግ ተቀየረ። አሁን ጎበዝ ሒሳብ ሠራተኛ ነው አሉ። እኔም ደስ አለኝ፣ ግን ያቺ ሦስት ሳምንት ትቆጨኛለች።

ሌሊት ስልክ ይደወላል። "ቲቸር፣ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ገባ፣ ልሞት ነው።" ቀን ማስክ ሳያደርግ በጎን ሲያይ የዋለ ጀግና ነው። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ነው የሚመጣው፣ ለዛ አያምኑህም። ዚንክ የተቀባ ብረት በይደው ሲታመሙ ደግሞ "ወተት ጠጥቻለሁ" ይሉሃል። ወተቱ ለሆድ ነው፣ ጭሱ የገባው ሳንባ ነው። በሩን ክፈቱ፣ ቅቡን መጀመሪያ ፈግፍጉ እያልኩ 12 ዓመት ጮህኩ። አንተም ብየዳ ቤትህ ውስጥ ወተት እንደምታጠጣ እጠረጥራለሁ።

ደስ የሚለውን ጠይቀሃል። ድምፁ ነው። ጥሩ ብየዳ ምጣድ ላይ ሥጋ ሲጠበስ የሚሰማውን ድምፅ ያወጣል። ኤሌክትሮዱ ሲርቅ እየተቆራረጠ ይተፋል፤ በጣም ሲቀርብ ይታፈንና ይጣበቃል። ጥቅምት ላይ ወርክሾፑ ሁሉ ይተፋል። በ2.5 ኤሌክትሮድ 75 አምፔር ላይ አስሬላቸው ጀርባዬን ሰጥቼ ወረቀቴን እሞላለሁ። ሚያዝያ አካባቢ አንድ ቀን ቀና ስል ከስድስቱም የመበየጃ ክፍል የሚመጣው አንድ ዓይነት ድምፅ ነው፣ ጥብስ ብቻ። ዞር ብዬ አላይም። ለማንም አልናገርም። ያን ቀን ግን ቤቴ በእግሬ ነው የምሄደው።

ደሞዙ እንዲህ ነው፦ ብየዳ ቤትህ በደህና ወር የሚያስገባልህ ይበልጣል። በመጥፎ ወር ደሞዙ ይበልጣል። ዓመቱን ደምረህ ራስህ አስላው።

ሲንጀር፦

ሞርሳ ጥሩ ብሏል፣ ግን አንድ ነገር ዘሎታል።

እኔ ሐዋሳ የልብስ ስፌት አሰልጣኝ ነኝ። ወንድሜ፣ ሲ ሌቭል ሆነህ ገብተህ እዛው እንዳትቀር። ደረጃ 4 ይዘህ ከገባህ ሲ ነህ፣ ዲግሪ ስትይዝ ቢ፣ ማስተርስ ሲሆን ኤ። እድገቱም ደሞዙም በዛ መሰላል ነው። እኔ ሁለተኛ ልጄን አዝዬ ነው አዲስ አበባ ላምበረት ያለው የአሰልጣኞች ኢንስቲትዩት ዲግሪዬን የጨረስኩት። ጡት እያጠባሁ ፓተርን ቆርጫለሁ። ከመግባትህ በፊት ኮሌጁ ለትምህርት እንደሚልክህና እንደማይልክህ ጠይቅ። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ።

ሁለተኛው ነገር፣ እጅህ ይዝጋል። ማንም አይነግርህም። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ስፌት ስታርም የራስህ ፍጥነት ይሄዳል። አራተኛ ዓመቴ ላይ አንድ ሱሪ ልሠራ ተቀምጬ ዚፑ ላይ ተንተባተብኩ። ደነገጥኩ። ከዛ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር አንዲት ጓደኛዬ ሱቅ ገብቼ እሰፋለሁ። ገንዘብም ይሆናል፣ እጄም ይመለሳል። ስለዚህ ብየዳ ቤትህን አትሽጥ። ለወንድምህ ስጠው፣ ክረምት ክረምት ተመለስበት።

የእኔ ሰልጣኞች ብዙዎቹ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ነው የሚገቡት። ጥቂት ወር ሠርተው ተመልሰው የሚመጡም አሉ፣ "ቲቸር ቤት ኪራዩ ደሞዙን በላው" እያሉ። ያን ጊዜ ምን ትላለህ? ስፌቱን አስተምሬያለሁ፣ ኪራዩን አላስተምርም። አንዳንዶቹን ሦስት ሦስት አድርጌ አደራጅቼ ዩኒፎርም እንዲሰፉ ትምህርት ቤቶች በር አንኳኩቻለሁ። ይሄ በሥራ ዝርዝሬ ላይ የለም። ቅዳሜዬ ግን ይሄ ነው።

ከሻርጃ፦

አራት ዓመት አሰልጥኜ ወጥቻለሁ። አሁን ቧንቧ በያጅ ነኝ።

እኔ ገንዘብ ፈልጌ ገባሁ፣ ገንዘብ ፈልጌ ወጣሁ። ገንዘብ ከፈለግህ አትግባ። እዚህ ስመጣ የኮሌጅ አሰልጣኝ ነበርኩ ብላቸው ማን ይሰማኛል? ቧንቧውን 45 ዲግሪ አጋድመው አሰሩና "በይድ" አሉኝ። ቁጭ ብዬ፣ ተኝቼ፣ ተንበርክኬ ዞርኩት። አለፍኩ። ያለፍኩት ግን ለሰልጣኝ ሳሳይ አንድ ነገር መቶ ጊዜ ስለደጋገምኩ ነው። ሲንጀር እጅ ይዝጋል አለች፣ የእኔ አልዛገም። ፍጥነቴ ቀንሶ ነበር፣ ንጽሕናዬ ግን ጨምሮ ነበር። እንግዲህ እንደ ሰው ነው።

ካምፕ ውስጥ አንዱ የአገሬ ልጅ ማታ ማታ አስተምረኝ ብሎ ይለምነኛል። ደክሞኛል እለዋለሁ። ከዛ ተነስቼ አሳየዋለሁ። ልክፍት ነው።

የድሮ መምህር፦

ልጄ፣ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባህር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ነው የተማርኩት፣ በ1955 በሶቪየት እርዳታ የተከፈተው። በእኛ ጊዜ መምህር ነበር የምንባለው፣ ካፖርታችን ሰማያዊ ነበር። ማሽን ሾፕ ውስጥ የነበሩት የሩሲያ ቶርኖዎች (ብረት እያዞሩ የሚቀርጹት ማሽኖች) እኔ ጡረታ ስወጣም ይዞሩ ነበር። ሰው ያረጃል፣ እነሱ ግን ግሪስ ብቻ ነው የሚጠይቁት።

ሰው ፊት መናገር አልችልም ላልከው እኔም እንዳንተ ነበርኩ። አለቃዬ አንድ ነገር መከሩኝ። "ባዶ እጅህን አትቁም" አሉኝ። ካሊፐርም ይሁን ቁራጭ ብረት፣ የሆነ ነገር ያዝ። ሰው የሚያየው እጅህን ነው፣ ፊትህን ይረሳዋል። አንተም ፊታቸውን ትረሳዋለህ። ሠላሳ ዓመት በዚህ ኖርኩ። የልጄ ሠርግ ላይ ንግግር አድርግ ሲሉኝ ሹካ ይዤ ነው የተነሳሁት።

ኮሌጁን አስቀድመህ ሄደህ እየው። ቢሮውን አይደለም፣ ወርክሾፑን። ስንት ማሽን አለ ሳይሆን ስንቱ ይሠራል ብለህ ጠይቅ። የስቶር ሠራተኛዋን ሰላም በል። ዋናዋ ሰው እሷ ናት።

የኮምቦልቻው በያጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሞርሳ፣ ወተቱን እንዴት አወቅህ?

ጋሼ፣ እንዳሉኝ ሄጄ አየሁት። ስድስት የብየዳ ማሽን አለ፣ ሁለቱ ይሠራል። የስቶሯን ሴትዮ ሰላም አልኳት፣ "ምን ፈልገህ ነው?" አለችኝ፣ ዝም አልኩ። ወርክሾፑ ውስጥ ሰልጣኞች ነበሩ። አሰልጣኛቸው ስብሰባ ላይ ነው አሉኝ። አንዱ ልጅ ኤሌክትሮዱ ተጣብቆበት እየነቀነቀ ነበር፣ ማሽኑ ያጓራል። ልለፍ አልኩ። እግሬ እንቢ አለ። "መያዣውን ልቀቀው፣ ኤሌክትሮዱን ከመያዣው አላቀው" አልኩት። ከዛ ክርኑን ይዤ ጎኑ ላይ አስደገፍኩለት። አንድ ጣት የሚያህል ብየዳ ሠራና ማስኩን ገልጦ አየኝ። "እርስዎ ማን ነዎት?" አለኝ። "በር ሠሪ ነኝ" አልኩት። ቀና ስል ስምንት ልጅ ከቦኛል። ለካ ሃያ ደቂቃ አውርቻለሁ። እጄ ላይ ደግሞ የሰው መዶሻ አለ፣ ጋሼ፣ ከየት እንዳነሳሁት አላውቅም።

ለወንድሜ ቁልፉን እሰጠዋለሁ። ሲንጀር እንዳልሽው አልሸጠውም። ባለቤቴ ደስ ብሏታል። ሻርጃ ያለኸው፣ ምክርህ ገብቶኛል፣ ግን አልሰማሁህም።

ማመልከቻው ማክሰኞ ነው የሚገባው። አንድ ጥያቄ ብቻ። የሲኦሲ ወረቀቴ ላይ የአባቴ ስም አንድ ፊደል ተሳስቷል። "ሐሰን" መሆን ሲገባው "ሁሰን" ይላል። ችግር አለው?

ሞርሳ፦

አለው። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሄደህ ተሰለፍ። መታወቂያህን፣ የ10ኛ ክፍል ወረቀትህንና ሁለት ጉርድ ፎቶ ያዝ። ኮፒውንም እዛ አይደለም የሚያደርጉልህ፣ ከቤትህ አድርገህ ሂድ።